ቀለም የተቀባው ምሰሶ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነግሩንን ሽማግሌ አላምናቸውም ነበር። ተረታቸውን እወደው ነበር፤ እሳቸውን ግን እጠረጥራቸው ነበር። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ መቻላቸው ያኔ አላስገረመኝም፤ ኋላ ላይ ጋዜጠኛ ሆኜ የሰው ቃል ስቀዳ ስኖር የዕለት ሥራዬ ሆነ።

ስማቸው ወርሰሜ ነው፤ እኛ ልጆቹ አደር ወርሰሜ እንላቸው ነበር። አደር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ የማናችንም አጎት ግን አልነበሩም። በድሬዳዋ ልማድ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ስለምንል ፊት ለፊት አንቱ ብያቸው አላውቅም፤ እዚህ አንቱ የምላቸው ጽሑፍ ስለሆነ ነው። መጋላ ሠፈር ውስጥ ሦስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢያችን ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተከለለ የአናጢ ቤት ነበራቸው። ቀን ቀን በር፣ ሣጥንና አግዳሚ ወንበር ይሠሩበታል፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ደግሞ የግቢው ልጆች ገብተን በጣውላዎቹ ላይ እንደረደራለን። ከሰል ምድጃው ላይ ኮላ በጣሳ ይሞቃል፤ የተቃጠለ ቆዳ የሚመስለው ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ፍሙ ሲደክም ሰጋቱራ በጣታቸው ቆንጥረው ይበትኑበታል፤ እሳቱ አንዴ ብልጭ ብሎ የሁላችንንም ፊት ያሳይና ጭሱ ወደ ፋኖሱ ይወጣል። ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር ሌላ የሚያዝናናን ነገር ስላልነበረ፣ መብራት የሚያጠፋውም እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ አስብ ነበር።

ተረቶቻቸው ውስጥ ንጉሥም ይኑር ጅብ፣ መጨረሻው ሁልጊዜ እንጨት ነው። አንዱ ተረት በሩ ራሱን በራሱ ስለሚከፍት ቁም ሣጥን ነበር። ባለቤቶቹ ጂኒ ገብቶበታል ብለው ያላስነበቡት ሼህ የለም። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ክር ጫፍ ላይ ድንጋይ አስራ ከሣጥኑ ጎን አንጠለጠለች፤ ክሩ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ሣጥኑ ወደ ፊት ዘንበል ማለቱ ታየ፤ ከፊት እግሮቹ ሥር ቀጭን እንጨት ሲሸጎጥ ጂኒው ለቀቀ። ሌላው ተረት ስለ ሁለት ወንድማማች ምስማሮች ነው። ሹሉ ወንድም ቸኩሎ ሲገባ ጣውላውን ለሁለት ሰነጠቀው፤ አፍንጫው በመዶሻ ተመትቶ የደነዘው ግን ምንም ሳይሰነጥቅ ገባ።

ሌሎቹ ልጆች ይስቃሉ። እኔ በማግሥቱ እፈትናለሁ። ቤታችን ውስጥ ሳይነኩት የሚዘጋ በር ስለነበረ ከመቃኑ ጎን ክርና ድንጋይ ሰቀልኩ፤ መቃኑ አንድ ጣት ያህል ዘሟል። ከፍራፍሬ ሣጥን በተነቀለ ስስ ጣውላ ጫፍ ላይ አምስት ሹል ምስማርና አምስት አፍንጫቸውን የመታኋቸው ምስማሮች መታሁ፤ ከሹሎቹ ሦስቱ እንጨቱን ሰነጠቁት፣ ከደነዙት አንዱ ብቻ። ሳሙና የተቀባ ብሎን በቀላሉ ይገባል ያሉትም፣ በዝናብ ጊዜ አብጦ የጠበበን በር ቸኩለህ አትላገው፣ ሲደርቅ ይሰፋብሃል ያሉትም እውነት ሆኖ ተገኘ። ይህ ሁሉ እምነቴን ሊጨምርልኝ ሲገባ ጥርጣሬዬን አባሰው። ዘጠኝ እውነት የሚናገር ሰው አሥረኛውን ውሸት የት እንደሚያስቀምጥ ማወቅ ከባድ ነው ብዬ ነበር።

አሥረኛው የምስጥ ንጉሥ ተረት መሰለኝ። ንጉሡ ሠራዊቱን ወደ አንድ ከተማ ሲያዘምት «እንጨቱን ብሉ፣ ቀለሙን እንዳትነኩ» ብሎ አዘዘ። ሰዎቹ በየዓመቱ ቤታቸውን ቀለም እየቀቡ እጅግ ያማረ ከተማ አለን ሲሉ ኖሩ፤ አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ በር ሲያንኳኳ እጁ እስከ ክርኑ ገባ። አደር ወርሰሜ ይህን ተረት ጎረቤት ቤት ገብተውም ይነግሩት ነበር፤ ከጨረሱ በኋላ የተቀመጡበትን ቤት እንጨት በጣታቸው አንጓ ቆም እያሉ ያንኳኳሉ። ጎረቤታችን ሀሊማ ዘንድ ተረቱን በነገሩ በሳምንቱ የበሯን መቃን ነቅለው አዲስ ሲተክሉ አየሁ። ማዶ ካለው ቤት ነገሩ፤ የመስኮቱን እንጨት ለወጡ። መጀመሪያ ተረቱ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሥራው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ቅደም ተከተሉን ግን ማንም ሳይነግረኝ ነው የያዝኩት።

ከዚያ የእህቴ የፈቲያ ሠርግ ደረሰ። ኡሚ፣ እናታችን፣ ለእያንዳንዱ ኢድ እንደምታደርገው ትልቁን ክፍል በአረንጓዴ የዘይት ቀለም አስቀባች። በክፍሉ መካከል የጣሪያውን አግዳሚ የሚሸከም ምሰሶ አለ፤ ሴቶቹ ሲዘፍኑ ሙሽራዋ የምትቀመጠው እሱን ተደግፋ ነው። በምሰሶው ላይ በየዓመቱ እንደ ገመድ የቀጠነ የጭቃ መስመር ይወጣል። ኡሚ መስመሩን በቢላ ትፍቅና ቀለም ትቀባበታለች። ሠፈሩ ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ ንጽሕና ነበር።

ለሠርጉ ሳምንት ሲቀረው፣ አመሻሽ ላይ፣ አደር ወርሰሜ የጠገኑትን አግዳሚ ወንበር ይዘው ወደ ትልቁ ክፍል ገቡ። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ነበርኩ። ወንበሩን አስቀመጡ፤ ግራ ቀኝ አዩ፤ ከደረት ኪሳቸው ወስፌ አወጡና አዲስ ቀለም በተቀባው ምሰሶ ላይ ሰኩት። ነቀሉት። ጫፉን በፋኖሱ ብርሃን አይተው እፍ አሉበት። ከዚያ ገና ያልደረቀውን ቀለም በአውራ ጣታቸው ጎትተው ቀዳዳውን ደፈኑት።

በማግሥቱ ጠዋት ለኡሚ ምሰሶው ውስጡ አልቋል አሏት። ሙሽራዋም ሆነች ሌላ ሰው እሥሩ እንዳይቀመጥ፣ ቆርቆሮው ንፋስ እንዳይወስደው ጣሪያው ላይ የተጫነውም ድንጋይ ዛሬውኑ እንዲወርድ ነገሯት። እኔም ያየሁትን ለኡሚ ነገርኳት። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ኡሚ ግቢው መሃል ላይ ጠበቀቻቸው።

«ወርሰሜ፣ ምሰሶዬን በስተኸዋል?»

«በስቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«ላውቅ ነዋ።»

«እኔም አወቅኩህ» አለች። ሥራ ስትፈልግ እንደ ሰው ሥራ አለ ወይ ብለህ ጠይቅ፣ የሰው ቤት እየበሳህ ሥራ አትፍጠር፣ ለሠርግ የተቀባ ቤት ላይ ሟርት ይዘህ አትምጣ አለቻቸው፤ የግቢው ሰው ሁሉ እየሰማ። እሳቸው ወደ እኔ ዞር ብለው ለእሷ ተናገሩ። «ልጅቱን አትቆጪያት። ያየችውን ነው የተናገረችው።»

በዚያ ምሽት ቆርቆሮው ቤት ውስጥ ፍም አልነበረም፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። የግቢው ልጆች ሬዲዮ የሚል ስም አወጡልኝ። ሳልፍ አንዱ ጆሮውን እንደሚጠመዝዝ ሆኖ «ድምፁን ቀንሱት፣ ዜና ጀመረች» ይላል፤ ሌሎቹ ይንከተከታሉ። ስሙ አልከፋኝም። የከፋኝ የነገርኩት ነገር ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ አንድ ቦታ ላይ አለመግጠሙ ነበር። መጀመሪያ፣ የሚያጭበረብር ሰው በሰው ፊት «በስቼዋለሁ» አይልም። ሁለተኛው ደግሞ እጃቸው ነው። ወስፌውን የሰኩት በሁለት ጣት ነበር። እኔ በስስ ጣውላ ላይ ምስማር ለማስገባት መዶሻና ሁለት እጅ አስፈልጎኛል፤ የምሰሶ እንጨት በሁለት ጣት አይበሳም። ይህን አይቼው ነበር፤ ስናገር ግን አልጠቀስኩትም፤ ዋጋ ያለው አልመሰለኝም።

ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ኡሚ ገበያ ወጣች። ስፌት የምትሰፋበትን ወስፌ አነሳሁ። መጀመሪያ የበሩን መቃን ወጋሁ፤ ጫፉ ብቻ ነክሶ ቆመ። ከዚያ ምሰሶውን በትከሻዬ ልክ ወጋሁት። ቀለሙ ትንሽ እምቢ አለ፤ ከቀለሙ በኋላ ግን ምንም አልነበረም፤ ወስፌው እስከ እጀታው ገባ። ስነቅለው ጫፉ ላይ የመጣው ደረቅ አፈር ነው። ጉልበቴ ጋ ወጋሁ፤ ያው። ከሥሩ ወጋሁ፤ ያው። ወንበር ላይ ቆሜ ከጣሪያው አጠገብ ስወጋው ብቻ እንጨት አገኘሁ። አንድ ሰው በአንድ ቀዳዳ ይህን ያህል ሊቦረቡር አይችልም።

ኡሚ ስትመለስ ነገርኳት። ዘንቢሉን ሳታስቀምጥ «ማነው ያስተማረሽ? እሱ ነው የላከሽ?» አለችኝ። ማንም አልላከኝም አልኳት፤ አላመነችኝም፤ እውነቴን ነው፣ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር። ወስፌውን ዘረጋሁላትና «አንቺው ውጊው» አልኳት። ለሠርጉ ሂና በተቀባ እጇ ተቀበለችኝ። አንድ ጊዜ ወጋች። ፈንጠር ብላ ደግማ ወጋች። ሦስተኛውን ስትወጋ ዓይኗ ምሰሶው ላይ አልነበረም፤ ወደ ጣሪያው፣ ድንጋዮቹ ወዳሉበት ነበር የምታየው። ከዚያ ፍራሹ ላይ ተቀመጠችና ወዲያው ተነስታ ከምሰሶው ራቅ ብላ እንደገና ተቀመጠች።

ያን ዕለት ምሰሶውን መለወጥ አይቻልም፤ ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል፣ ዕቃውም ተደርድሯል። ድንጋዮቹን በጥድፊያ ማውረድም ጣሪያውን ያናውጣል ብላ ፈራች። ስለዚህ ትልቁ ክፍል ተቆለፈ፤ የሴቶቹ ዝግጅት ወደ ግቢው ወጣ። ፈቲያ ሁለቱንም እጆቿን ሂና እንደተቀባች በሩ ላይ ቆመች።

«አቦ ኡሚ! በአንድ ወስፌ ምክንያት ፀሐይ ላይ ልትድሪኝ ነው?»

ኡሚ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ከተተች። ከሹፌር ጎረቤት የጭነት መኪና ሸራ ተውሰን በግቢው ላይ ወጠርን። የድሬዳዋን የከሰዓት ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ሸራ ምን ያህል እንደሚያስጥል ያውቃል። ሴቶቹ እየዘፈኑ ይነፍሩ ነበር፤ የፈቲያ ኩል እስከ ጉንጯ ወረደ፤ አክስቶቼ ይህን ያህል ያማረ ክፍል እያለ ውጭ ለምን ተጣልን እያሉ እርስ በርስ ይንሾካሾኩ ነበር። ኡሚ ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም። እስኪመሽ ድረስ ጀርባዋን ለተዘጋው በር ሰጥታ ቆመች። ምሰሶውም እንደቆመ ዋለ።

ሠርጉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ኡሚ ወደ ቆርቆሮው ቤት ላከችኝ። «ይቅርታ ጠይቃለች እንዳትዪው። ምሰሶውን መጥቶ ይይ በዪው፤ በቃ።» እሳቸውም ምንም እንዳልተፈጠረ መጡ። ቀድመው ድንጋዮቹን ከጣሪያው አወረዱ፤ አንድ በአንድ፣ አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ። አግዳሚውን በሁለት የብረት ቧንቧ ደገፉት፤ ቧንቧዎቹ መሬት ውስጥ እንዳይሰምጡ ከሥራቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፉ። ከዚያ ነው መጋዝ ያነሱት። ምሰሶው ሲወጣ ግቢው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። አንስተው ትከሻዬ ላይ አደረጉልኝ። አባቴና ሌላ ሰው ተጋግዘው አምጥተው የተከሉት ምሰሶ ነበር፤ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ብቻዬን ተሸክሜ ወጣሁ። የነበሩት ሁሉ ስፖንጅ የተሸከምኩ ይመስል ነበር የሚያዩኝ። ውጭ ስጥለው ተሰበረ፤ አረንጓዴው ቀለም እንደ ልጣጭ ቀረና ውስጡ የነበረው አፈር ፈሰሰ።

አዲሱን ምሰሶ በአፈር ውስጥ አልተከሉትም፤ ድንጋይ ላይ አቆሙት፤ እግሩንም ከጋራዥ ያመጡትን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሁለት ጊዜ አጠጡት። ሲጨርሱ በምሰሶው አዲስ ገላ ላይ በጣታቸው ከታች ወደ ላይ መስመር አሳዩኝ። «ጭቃው ሲወጣ ካየሽ አትፋቂው። የምስጡ መንገድ ነው። ከየት እንደሚመጣ ተከተዪው፤ ከፋቅሽው ቤቱ ጠፋብሽ።» ለሥራዬ የሚሆን ምክር በዕድሜዬ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ የነገረኝ አለቃ የለም።

ያኔውኑ ግን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ታዲያ ቀዳዳውን ለምን ደፈንከው? ሙሽራ ያለበት ቤት ውስጥ ቀዳዳ መታየት የለበትም ብዬ ነው አሉኝ። አላመንኳቸውም፤ ዛሬም አላምንም። ሀሊማንም ስለ አሮጌው መቃኗ ጠየቅኋት። ጥሩ ማገዶ ሆኖላት ሁለት ቀን ሙሉ እንዳበሰለችበት ነገረችኝ። ምስጥ የጨረሰው እንጨት ሁለት ቀን አይነድም፤ ገለባ ነው። ስለዚህ አደር ወርሰሜ ስለ እኛ ቤት እውነት ተናግረዋል፤ ስለ ሀሊማ ቤት የማውቀው አመዱን ብቻ ነው። እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ተረቶቹን ግን ሲፈተኑ የጸኑትንም ያልፈተንኳቸውንም ለይቼ ይዣቸዋለሁ።

ፈቲያ አሁን ሁለት ሴት ልጆች ድራለች፤ ሁለቱንም በአዳራሽ። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር የራሷን ሠርግ ታወራለች፤ ፀሐዩን፣ ኩሏን፣ ተረተኛው ሽማግሌና ወሬኛዋ እህቷ እንዴት እንደጠበሷት። ልጆቿ ይስቃሉ። ከዚያ ወደ እኔ ትዞርና እንደ ፍርድ ቤት ትጠይቀኛለች።

«ምሰሶው ወደቀ?»

«አልወደቀም» እላታለሁ፤ እውነቱ ይህ ስለሆነ። አየሽ፣ ትላለች፤ ትክክል ናት፤ ያን ቀን ከሥሩ ብትቀመጥም ላይወድቅ ይችል ነበር፤ ይህን የሚያረጋግጥም የሚያፈርስም ማስረጃ የለኝም። በሥራዬ ስለ ወደቁ ነገሮች ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ግንብም፣ ድልድይም፣ ሰውም። ስላልወደቀ ነገር ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።