አባቴን ስልሳ ዓመት ያስሞላሁት እኔ ነኝ

ልጄ አሚና ባለፈው ሳምንት ከናይሮቢ ደውላ ሃምሳኛ ዓመቴን ዝም ብለን እንደማናሳልፈው ነገረችኝ። እራት ተዘጋጅቶ፣ በየሰዉ ሳህን ሥር ጥያቄ የተጻፈበት ወረቀት ተቀምጦ፣ ቤተሰቡ የሆዱን እንዲጫወት ነው ሐሳቧ። ከስልኳ ላይ ያገኘችው አዲስ ነገር መስሏታል። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም ይህንኑ ወረቀት በሃያ አራት ዓመቴ፣ እዚሁ ሞያሌ፣ በገዛ እጄ ቆርጬው ነበር። ያኔ ያመጣሁትን ጣጣ ለልጅ መንገር እንኳ ያሳፍራል።

አባቴ ሰይድ የወሎ ሰው ነው። በወጣትነቱ ለንግድ ወደዚህ ወርዶ እናቴን ከድጃን አገባ። መንግሥት ሲለወጥ ግርግሩን ሸሽተን ኬንያ ውስጥ ዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ከረምን፤ ከዚያም በኬንያው ሞያሌ ሽርጥና ስኳር የምንሸጥባት ትንሽ ዱካ ከፍተን ቀረን። እናቴ ዘመዶቿ እዚሁ ቅርብ ጎዶማ ስላሉ አገሩ አገሯ ነው። አባቴ ምን እንደሚሰማው ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም። በእኛ ቤት ምግብ እንጂ ወሬ አይበዛም። ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ያድራል።

እኔ ደግሞ በሒሳብ የሚስተካከለኝ የለም ባይ ነበርኩ። አንድ ቀን የቤቱን ወረቀት ሳስተካክል የአባቴን መታወቂያ አገኘሁና የልደት ዘመኑን አይቼ ቆጠርኩ። ስልሳ! ሮጬ ሄጄ ነገርኩት። ዕድሜውን ቆጥሮ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሚዛኑን አስቀምጦ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። አንድም አልተሳሳትኩም አልኩት፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። «እንግዲህ የተማረ ይግደለኝ» ብሎ ወደ ስኳሩ ተመለሰ።

በአራተኛው ቀን፣ ቁርስ ላይ፣ የራሱ አባት በስልሳ ዓመቱ እንደሞተ ለእናቴ ነገራት። ዱካዋን ለወንድሜ ለኑረዲን ትቶ ወሎ ሊገባ ነው፤ አባቱ አጠገብ እንዲቀበር። ይህን ሁሉ ዕቃ እንደሚያዝዝ ሰው ነው የተናገረው። እናቴ «እሺ» ብላ ሄል ልትወቅጥ ወጣች። እኔ ሙቀጫውን እየሰማሁ ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። ባልቆጥርለት እኮ ስልሳ አይሞላውም ነበር!

ያኔ ነው የድግስ ሐሳብ የመጣልኝ። ከመሄዱ በፊት ልደቱን እናክብርለት፤ በዚያ ሰበብ እሱም የሆዱን ይናገር፣ እናቴም አትሂድ ትበለው። አንድ አሮጌ መጽሔት ላይ ያየሁትን የጥያቄ ወረቀት አዘጋጀሁ። አባቴ ልደት የሚባል ነገር አናውቅም ብሎ ሲያንገራግር፣ ዱዓ ይደረጋል ብዬ አባበልኩት። ከኡራን መንደር በሎሪ ተጭኖ ፍየል መጣ። ኬክ ያመጣልን አንድ የምናውቀው ሾፌር ነው፤ ከናይሮቢ ሦስት ቀን ያንን ወልጋዳ መንገድ ሲዘል ከርሞ ካርቶኑ ሲከፈት ዱቄት ሆኗል። በማንኪያ በላነው፤ ይጣፍጥ ነበር።

እራት ያልነው ግብዣ በአሥር ሰዓት ቀረበ። የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ዘምዘም ከኢትዮጵያው ሞያሌ ስለምትመጣ ኬላው ሳይዘጋ መመለስ አለባት። ዝናብ አባርቶ ግቢው ጭቃ ጭቃ ይሸታል። የሩዙ ፒላው በትልቁ ሳፋ ወጣ፣ የግመል ወተቱም ተቀዳ፤ እኔም ወረቀቴን አድዬ ጨዋታውን አወጅኩ።

አይ ጉድ! ኑረዲን የሱን ገልጦ «አባትህን ስለምን ታመሰግናለህ?» የሚለውን አነበበና ፒላው እንዳይበርድ ብሎ እጁን ሰደደ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። ለአባቴ የጻፍኩለት «የምትፈራው ምንድን ነው?» የሚል ነበር። አነበበ፣ አጠፈ፣ ኪሱ ከተተው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አክስቴ ወረቀቷን ሳትነካ፣ ለመሆኑ የስንት ዓመት በዓል ነው ብላ ጠየቀች። ስልሳ አልናት።

«የማን ስልሳ?» አለች። «እኔ እኮ ሰይዶን ያዘልኩት በአሥር ዓመቴ ነው። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። እንዴት አድርጎ ደረሰብኝ?»

መታወቂያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አባቴ ዋልዳ ሳለን ቅጹን ለሞላለት ጎረቤት የልደቱን ዘመን በእኛ ቆጠራ ነግሮት ነበር፤ ያም ሰው የሰማውን ጻፈ። ኋላ እኔ፣ ሊቋ፣ የኢትዮጵያን ዘመን ከፈረንጅ ዘመን ቀነስኩ። አባቴ ገና ሃምሳ ሦስቱ ነው! አክስቴ ከት ብላ ሳቀች፣ ኑረዲንን ወተቱ ትን አለው፣ አባቴም እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔ ግን በእፍረትም በደስታም አለቀስኩ።

ሳቁ ሲበርድ አባቴ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ።

«የምፈራው ሞቱን አይደለም» አለ። «ብቻዬን መሄዱን ነው።»

እናቴ ቀና አለች። «ታዲያ አብረን እንሂድ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«እምቢ ብትዪኝስ ብዬ። ደግሞ ልሂድ ስልሽ ቆይ አላልሽኝም። ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ ቆይ ያለኝ ሰው የለም።»

እናቴ ያን ቀን ልጆቿ ፊት እጁን ያዘች። አድርጋው አታውቅም።

«ቆይ» አለችው። «ስትሄድም አብሬህ እሄዳለሁ። አሁን ግን ቆይ።»

አክስቴ ኬላው ሳይዘጋባት በጭቃው ተንደርድራ ወጣች። አባቴ በማግስቱ ዱካዋን እንደወትሮው ከፈተ። በዓመቱ ሁለቱም ወሎ ሄደው፣ የአያቴን መቃብር ጎብኝተው፣ አምስት ሳምንት ሰንብተው ተመለሱ። አባቴ ዛሬ ወደ ሰማንያው ተጠግቷል። አልፎ አልፎ እናቴን «እንሂድ ወይ?» ይላታል፤ «ቆይ እስቲ» ትለዋለች፤ ደስ ብሎት ይቀመጣል።

የአሚናን ስልክ ከዘጋሁ በኋላ ይህን ሁሉ ሳስብ አመሸሁና አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጄ ከአራት ዓመት በፊት ናይሮቢ ገብቼ ልሥራ ስትለኝ እኔም «እሺ» ብዬ ነው የሸኘኋት። ጠንካራ እናት መሆኔ ነበር። ሌላውን ሰው ወረቀት ቆርጬ ሳናግር የኖርኩ ሴት፣ ለራሴ ልጅ አንዲት ቃል አጣሁ። ትናንት ራሴ ደወልኩላት።

«አሚናዬ፣ ልደቱ ቢከበርም ባይከበርም ግድ የለኝም» አልኳት። «ናፍቀሽኛል። ስትሄጂም ከፍቶኝ ነበር።»

ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ ከጆሮዬ አነሳሁት።

«እማ፣ እኔኮ የማልናፍቅሽ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ እያለቀሰች።

የዓርቡን አውቶቡስ ትኬት ቆርጣለች።