ታላቅ ወንድሜና የተተኮሰው ካፖርት

ታላቅ ወንድሜ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ዓሣ በሚከማችበት ትልቅ የማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ባልደረቦቹ «ድቡ» ይሉት ነበር፤ ለሹፈት ነው እንጂ ሰውነቱስ የክብሪት እንጨት ነበር።

የሥራ ካፖርቱን በየሳምንቱ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ውስጡ ጥጥ ነው። ጥጡ እንዳይሰባሰብ ብዬ ጥቅጥቅ አድርጌ በመርፌ ጠቀምኩት፤ ሲደርቅ ደግሞ በካውያ ደፍጥጬ እተኩሰዋለሁ። ሲለብሰው እንደ መኮንን ያምርበታል። በእጄ ሥራ እኮራ ነበር።

በኋላ ብርዱ አላስቆም አለው። ከእረፍት ሰዓት ውጭ እየወጣ መሞቅ አበዛ፤ ጣቶቹም አልታዘዝ ብለውት ሁለት ካርቶን ዓሣ ጣለ። አለቃው፣ «ሰኞም እንዲህ ከወጣህ ሌላ ሰው እተካለሁ» አለው። ለጡረታ የቀረው አሥራ አንድ ወር ነበር።

እሑድ ከሰዓት እናታችን ሬዲዮ ከፍታ ስለ በረዶ አገር እንስሳት ታዳምጣለች።

«ድቡ፣ ና ስማ! ስለ ዘመዶችህ ያወራሉ።»

«ሰላም በይልኝ፣ ደክሞኛል» አለ ከተጋደመበት።

ሬዲዮው ቀጠለ። ቀበሮዋ ተጠቅልላ አፍንጫዋን በጭራዋ ትሸፍናለች። ወፉ ላባውን ይነፋል። የድቡን የገላ ሙቀት የሚያቆዩለት ከቆዳው በታች ያለው ስብና በጸጉሩ መሃል የታመቀው አየር ናቸው። አየሩ ከወጣ ብርዱ ይገባል።

ካፖርቱ ፊቴ ተዘርግቷል፤ ስስ፣ እንደ ብራና። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀልኩ።

«አንተ፣ ይኼን ታውቅ ነበር?»

 «አዲስ ሳለ ይሞቅ ነበር» አለ።

«ታዲያ አፍ የለህም? ከጠቀምኩት ሦስት ዓመት ሙሉ!»

«ምን ልበል? ያንቺ ልፋት ነው።»

«ልፋቴን ገደል ይክተተው!»

«ለሁለታችሁም ብርድ ሲያንስ ነው» አለች እናታችን።

ስፌቱን መስመር በመስመር ተረተርኩ፤ ጥጡን በጣቴ ፈለቀቅሁ፤ ካፖርቱን ደጋግሜ አራገፍኩ። ሲለብሰው ትራስ መሰለ።

«በሩ ያሳልፍህ ይሆን?» ብላ እናታችን እስኪያስላት ሳቀች።

ሰኞ ከሥራ ሲመለስ ወንበር ላይ ተዘረጋ።

«እንዴት ሆነ?» አልኩት።

«በረደኝ» አለ። «ግን ቆየሁ።»

አሥራ አንዱን ወር እንደዚያው ሠራ። እኔም ካፖርቱን አጥቤ፣ አራግፌ ከመስቀል በቀር ምንም አላደረግሁለትም። ካውያውን መተውም ከበደኝ፤ እጅ የለመደውን ይፈልጋል።