እጅ ሳያወጡ

ለዘገባ ነቀምቴ ባረፍኩበት ክፍል ጀርባ፣ ምእመናን ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጸልዩ ሰማሁ።

ልጅነቴ ትዝ አለኝ፤ ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ወባ ይዞኝ ሦስት ቀን ቃል ሳልተነፍስ ተኝቻለሁ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ሰው ሰብስበው አልጋዬን ከበው ልክ እንዲህ ይጸልያሉ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው መምህሩ አባቴ ጥግ ይዞ ቆሟል።

ዓይኔን ገለጥኩ። «አባዬ፣ ለምን እጅ አያወጡም? እግዜር የማንን ይስማ?»

ጸሎቱ ቆመ። አባቴ እንባው እየወረደ ሳቀ። «ጠየቀች! ልጄ ተረፈችልኝ!»

«የሁላችንንም ሰምቷል፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉ አዴ ጫልቱ ግንባሬን እየዳበሱ።

ከምን እንደተረፍኩ ያኔ አልገባኝም። ዛሬ እንጀራዬ መጠየቅ ነው። ብዙ ባለሥልጣን ጠይቄያለሁ፤ እንደ አባቴ በጥያቄዬ ደስ ያለው ግን አልገጠመኝም።