ዝናብ እየመጣ ስም የሚጠይቅ ስልክ

መቱ ላይ ኮምፒውተር ሳይንስ ስማር ከትምህርቶቹ ሁሉ የናቅኩት አንዱን ነበር፤ የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብር የሚሉትን። ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው ስለ አዝራር መጠንና ስለ ፊደል ቀለም ሲማር ጊዜውን የሚያባክን ይመስለኝ ነበር። ትምህርቱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ዓመት የወደቀበት ሰው ጓደኞቹ ሲመረቁ እያጨበጨበ ይቀራል። እኔ ግን መውደቅን ለሌላ ሰው የተፈጠረ ነገር አድርጌ ነበር የማየው።

ለማጠቃለያ አንድ የስልክ መተግበሪያ ሠርተን፣ በሰው አስሞክረን፣ ውጤቱን እንድናቀርብ ታዘዝን። እኔ የዳሪሙ ወረዳ ልጅ ነኝ፤ ወላጆቼ ቡና ያመርታሉ። እኛ አገር ኅዳር ላይም ቢሆን ሰማዩ አይታመንም፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ዝናብ ከመታው ይሻግታል፣ የዓመት ልፋት ገደል ይገባል። ስለዚህ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጮኾ «ቡናውን ሸፍኑ» የሚል መተግበሪያ ሠራሁ። በአማርኛም በኦሮምኛም ይናገራል። እውነቱን ለመናገር በጣም ኮርቼበት ነበር።

ቅዳሜ ዳሪሙ ሄድኩ። እናቴ ጎረቤት ጠራችና አሥራ ሁለት ሰው ግቢያችን ውስጥ ተቀምጦ ስልኬን እየተቀባበለ አየ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ የምላቸው ጎረቤታችን ስልኩን ገልብጠው ይዘው ትንሽ ተመለከቱና «ጋሪዳ! ባይኤ ጋሪዳ!» አሉ፤ ጥሩ ነው፣ እጅግ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። አንዲት ሴት ገና ሳትነካው መረቀችኝ። እናቴም «እጅህ ይባረክ፣ ምንም አይወጣለትም» አለች። ስልኩ መገልበጡን አይቻለሁ፤ ነገር ግን አልጻፍኩትም። የጻፍኩት አሥራ ሁለት ሰው ሞክሮ አንድም ስህተት እንዳልተገኘ ነው።

መምህራችን ነገር የማያበዙ ሴት ነበሩ። ወረቀቴን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያመጣህልኝ ሙከራ አይደለም፣ ሙገሳ ነው» አሉኝ። «አሥራ ሁለት ሰው አንድም ነገር ካላስቸገረው ወይ መላእክት ናቸው፣ ወይ አንተን አክብረዋል። ሳምንት እሰጥሃለሁ። እውነተኛ ሙከራ ካላመጣህ ትደግመዋለህ።»

ሁለት ቀን ተናደድኩባቸው። በሦስተኛው ቀን ፈራሁ። እናቴ «ልጄ ዘንድሮ ይመረቃል» ያላለችው የገበያ ሰው የለም። ወድቄ በየትኛው ፊቴ በዚያ ገበያ እንደማልፍ ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ሰዎቹ አጥሬን ያልነቀነቁት ባለቤቱ እኔ ስለሆንኩ ነው። የጎረቤት ልጅ፣ ያውም ተማረ የተባለ ልጅ፣ የሠራውን ነገር ፊት ለፊት ማጣጣል በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ባለቤቱን ልቀይር ወሰንኩ። የመተግበሪያውን ቀለም ለወጥኩ፣ ስሙንም ቀየርኩ፣ ሠሪውንም አዲስ አበባ ያለ የማላውቀው ልጅ አደረግኩት።

ሳልናገር ዳሪሙ ደረስኩ። እናቴ ብቻዋን አልጋው አጠገብ ቆማ የተበላሸውን ፍሬ እየለቀመች ነበር። «እማዬ፣ ይሄን አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው የሠራው፤ እስኪ ሞክሪው» አልኳትና ስልኩን አጠገቧ አስቀምጬ ማስጠንቀቂያውን አስጮህኩት። ቀና ብላ ፊቴን አየች፣ ከዚያ ስልኩን። እጇ በቡናው ጭማቂ ስለተጨማለቀ በክርኗ ነካችው። ስልኩ ስሟን ጠየቀ። ቀጥሎ የይለፍ ቃል ጠየቀ።

«ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው?» አለች። «ዝናብ መጣ ብሎ ይጮህና ‹ማን ነሽ?› ይለኛል? ስሜን እስክነግረው ቡናው አይርስም? ጎረቤት እንኳ ዝናብ ሲያይ ከአጥር ማዶ ይጣራል እንጂ ማንነቴን አይጠይቀኝም!»

አላቆመችም። ፊደሉ ጤፍ ያህላል፤ አዝራሩ የተሠራው ለሕፃን ጣት ነው። «ደግሞ ሸፍኑ ይላል፣ ግለጡ አይልም። ታፍኖ የሚሻግተውስ?» በመጨረሻም «ይሄን የሠራው ልጅ አንድ ቀን ቡና ሸፍኖ አያውቅም» አለች።

ጆሮዬ ጋለ። ምክንያቱም እውነት ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር እሷ ወደ አልጋው ስትሮጥ እኔን «አንተ ደብተርህን ያዝ» ትለኝ ነበር፤ እኔም እይዝ ነበር። አቀርቅሬ ያለችውን ሁሉ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሞላ።

መቱ ተመልሼ የይለፍ ቃሉን አወጣሁት፣ ፊደሉን አተለቅኩት፣ ቡናው የሚገለጥበትን ሰዓት ጨመርኩ። ባለቤቱን ስለመደበቅ ብልሃቴም ሦስት ገጽ ጻፍኩ። መምህራችን ከሁሉ ያን ወደዱት፤ አለፍኩ። ከክፍል ወጥቼ እስከ መቱ ገበያ ድረስ ያለ ምንም ጉዳይ በእግሬ ሄድኩ። ደረቴ ላይ የከረመው ድንጋይ ወርዶ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሰላም በል በል ይለኝ ነበር።

ቤት ስመለስ የመጨረሻው ለቀማ ቡና አልጋው ላይ ተሰጥቷል። ማለፌን ነገርኳትና እያፈርኩ ተናዘዝኩ፤ «ያ የአዲስ አበባው ልጅ እኔ ነበርኩ።»

«አውቄያለሁ» አለች፣ ከፍሬው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። «ፊትህ ገርጥቶ፣ ሳትናገር መጥተህ። የሰው ሥራ እንዲህ አያስጨንቅም።»

«ታዲያ መጀመሪያ ለምን አመሰገንሽው?»

«ሰው ፊት ልጄን ላዋርድ?» አለች። «የእውነት የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያን ሁሉ አልናገርም ነበር። እንዲያ የሚባለው ለገዛ ልጅ ነው።»

ሦስት ገጽ የጻፍኩለት ብልሃቴ ትዝ አለኝና ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ድንገት ቀና ብላ ዝናብ በሚመጣበት በኖፓ በኩል ያለውን ሰማይ አየች። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ገና አልጮኸም።

«ና፣ ያዝልኝ» አለችና የቡናውን መሸፈኛ ላስቲክ አንድ ጫፍ ሰጠችኝ።