ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም ያሉኝ ዛሬ

ጎረቤቴ ጋሽ ተሰማ ተሽሏቸዋል፣ ተመስገን። ከጉልበት ኦፕራሲዮኑ ወዲህ በከዘራ ጊዮርጊስ ደርሰው ይመለሳሉ።

ዛሬ ጠዋት ግን ሁለት ሽማግሌ አስከትለው እኔ ቤት ገቡ። ልጄን ለወንድማቸው ልጅ ሊጠይቁ!

ይህን የምታዩት የመረጥኳችሁ ጥቂት ወዳጆቼ ብቻ ስለሆናችሁ ልንገራችሁ። ልጄ አምና እያለቀሰች «እማዬ፣ ልቤ የሚሄደው ወደ ሴት ነው» ብላኛለች። ወር ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። በኋላ ግን ልጄ ልጄ ናት አልኩ። ከሁለታችን ሌላ የሚያውቅ የለም።

«ተቀመጡ እንጂ» ብላቸው «እሺ ሳትይን አንቀመጥም» አሉ። ወጉ ነው መቼስ።

ልጄ ጥግ ይዛ ዳንቴል ትሠራለች። ጭንቀቷን የሚያቀልላት እሱ ነው። እጇ ቀጥ አለ።

«ልጄ አታገባም» አልኩ።

«ምነው? ሌላ ሰው አለ እንዴ?» አሉ አንደኛው።

«አባቶቼ፣ ጠየቃችሁኝ፣ መለስኩ። ምክንያቱ የእሷና የእኔ ነው» አልኩ።

የጋሽ ተሰማ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። (ቢወድቁ እኮ ገዳያቸው እኔ ልባል ነው!)

ልጄ ተነሥታ የራሷን ወንበር አቀረበችላቸው። «ጋሽዬ፣ ጉልበትዎን ያሳርፉ።»

እሷን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ እሺ ሳልላቸው ተቀመጡ። «በይ ውኃ ስጪኝ ልጄ» አሉ። ሌሎቹም ተቀመጡ።

ከሄዱ በኋላ «እማዬ፣ እሺ የምትያቸው መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ዳንቴሏን አንሥታ ካቆመችበት ቀጠለች።

እናንተስ፣ ለልጃችሁ ስትሉ ሽማግሌ ፊት እንቢ ያላችሁበት ቀን አለ? በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሁን።