የደርቤ ሶስት ምልልስ

ደርቤ ታገኘ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍንና ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሲያወራ ደግሞ ድምፁ ከጋቢ ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስል። የአምቢኮ ልጅ ነው፤ አባቱ አያ ታገኘ ገብስ እያረሱ፣ በግ እያረቡ ነው ያሳደጉት። ደባርቅ ኮሌጅ ገባና ስፖርት ምረጥ ሲሉት ሁላችንም ሩጫ ይላል ብለን ነበር። እሱ ዋና አለ። ለምን ብየ ስጠይቀው፣ "ሩጫማ ቤቴም እሮጣለሁ" አለኝ።

ዋና ስላችሁ የቴሌቪዥኑን ሰማያዊ ገንዳ እንዳታስቡ። ወደ ዳባት ሲኬድ ለመስኖ የተሠራ ትንሽ ግድብ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ይሄዳሉ፤ ለደከመው መያዣ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ተወጥሯል። ውሃው እንኳን ሊዋኙበት ሲያዩትም ይበርዳል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ከትምህርት ጋር ስለተኳረፍን፣ የአክስቴ ልጅም ስለሆነ፣ አብሬው እሄዳለሁ።

አሰልጣኛቸው ፍቅርአዲስ የባሕር ዳር ልጅ ናት። ጣና ዳር አድጋ ብርድ የሚባል ነገር አይገባትም። "ክርን ወደ ላይ! አንተ፣ ውሃው አልሰደበህም፣ ምን ትደበድበዋለህ!" ትላለች። የደርቤ የመጀመሪያ ቀን ግን እሷም ግራ ገባት። እስከ ጉልበቱ ገባ፣ አማተበ፣ በእፍኙ ዘግኖ አናቱ ላይ ሶስቴ አፈሰሰና እየተንዘፈዘፈ ወጣ።

"ምነው?" አለችው።

"ጨረስሁ።"

"ጠበል መሰለህ እንዴ!"

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ "ባለጠበሉ" ሆነ።

ፍቅርአዲስ የራሷ ደንብ አላት። ጥቅምት ላይ ሁሉንም ዳር አቁማ የዓመት ግባቸውን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ታደርጋለች። ሰኔ ላይ ቤተሰብ ተጠርቶ፣ እያንዳንዱ የተናገረውን ውሃው ውስጥ ያሳያል፤ ያሳየ ሜዳሊያ ይጠለቅለታል። ማን ቀደመ፣ ማን ቀረ የለም። ደርቤ የሱን ግብ አስቀድሞ ሹክ ብሎኝ ነበር፤ ፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ገመዱን ሳይነካ አንዴ መሻገር። በቃ ይኸው ነው።

ተራው ሲደርስ ግን ከፊቱ ዘመነ ነበር። ዘመነ የደባርቅ ከተማ ልጅ፣ ስልኩን ከእጁ የማይለይ። "ሁለት ምልልስ!" አለና ወደ ደርቤ ዞሮ፣ "አንተስ፣ ባለጠበሉ? ስንት እፍኝ?"

ሁሉም ሳቀ። እንግዲህ የኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ፣ ሲስቁበት ደሙ ይፈላል። ያ ከጋቢ ውስጥ የሚያወራ ልጅ የዘመነን ፎጣ መንጭቆ እንደ ጋሻ ያዘ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ተንጎራደደ።

"ዘራፍ! ዘራፍ! የታገኘ ልጅ! ውሃ የማይበግረው! ይህን ግድብ ሶስት ምልልስ ሰንጥቆ የሚወጣ!"

ፎጣውን ሲመልስ ፊቱ አመድ መስሏል። ዘመነ ግን ቀርጾ ጨርሶ፣ ማታውን ቲክቶክ ላይ ለቀቀው።

በኛ ዘንድ ሰው ፊት ፎክሮ መቅረት ማለት ስም መቅበር ነው። ደርቤ ያን ዓመት ቅዳሜን እንደ ግብር ዕዳ ነበር የሚፈራት። ግን አንድም አልቀረ። መጀመሪያ አገጩን፣ ቀጥሎ አፍንጫውን፣ ፋሲካ ሲያልፍ ሙሉ ፊቱን ነከረ። ሰኔ ሲገባ አንዴ መሻገር ቻለ። ሊመለስ ሲሞክር ግን መሐል ላይ ውሃ ይጠጣና ገመዱን ያንቃል።

በዚህ መሐል አያ ታገኘ ደወሉ። "ቪዲዮህን ጨነቅ ካምፕ ላይ አንድ የፓርክ ጠባቂ ስካውት አሳየኝ" አሉ። "እመጣለሁ።" ስልኩን ጠረቀሙት።

"አለቀልኝ" አለ ደርቤ። "አገር ፊት ላሳፍራቸው ነው።"

በቀኑ አያ ታገኘ ከአይሱዙ ወርደው መጡ። የጭነት ጠፍር፣ ያንን ወፍራም የቆዳ ማሰሪያ፣ ቀኝ እጃቸው ላይ ጠምጥመዋል።

"ኧረ ልጄ፣ ሊገርፉህ ነው!" አለ ዘመነ።

ዘመነ ሁለት ምልልሱን አሳየ፣ ተጨበጨበለት። ደርቤ ሲጠራ ወደ ውሃው አልሄደም። ቀጥ ብሎ አባቱ ፊት ቆመ።

"አባየ፣ ሶስት ምልልስ አልችልም።"

አያ ታገኘ ጠፍሩን እጃቸው ላይ ጠበቅ አደረጉት።

"ስለሳቁብኝ ፎከርሁ እንጂ አልችልም። የኔ ግብ አንዴ መሻገር ነው። እሱን እችላለሁ።"

አያ ታገኘ ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት፤ አንዱ ቃል ከሌላው የሚራራቅ። "እኸ... አንዴ ከገባህ... በዚያ በኩል ትወጣለህ?"

"እወጣለሁ።"

"ተመስገን!" ትንፋሻቸው እስከ እኛ ተሰማ። "እኔማ ሶስቴ ብሏል፣ ልጄ ግድብ ገብቶ ሊቀር ነው ብየ እንቅልፍ የለኝ! ይህን ጠፍር የያዝሁት ብትሰምጥ ወርውሬ ልጎትትህ ነው።"

ፍቅርአዲስ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ፣ "አሁን ገና ግብ ሰማሁ። ግባ!" አለች።

ገባ። አያ ታገኘ ጠፍሩን ፈተው፣ አንዱን ጫፍ አንጓቸው ላይ አስረው፣ ዳር ዳሩን አብረውት ይሄዳሉ። "አይዞህ! ጠፍሩ አለ!" መሐል ሲደርስ ደርቤ ፊቱን ነክሮ ቆየባቸው። ሰውየው ከነኮንጎ ጫማቸው ጉልበታቸው ድረስ ገቡ። ብቅ አለ፣ እፍ ብሎ ተነፈሰ፣ ቀጠለ። ገመዱን አልነካም። በዚያ በኩል እስከ ጆሮው ጭቃ ለብሶ ሲወጣ፣ አያ ታገኘ ውሃው ውስጥ ዝርግት ብለው ተቀመጡ።

ፍቅርአዲስ ሜዳሊያውን ለሳቸው ሰጠች፣ እርስዎ ያጥልቁለት ብላ። ቢሉ ቢሉ አልሆነም፤ አንጓቸው ላይ ያሰሩት የጠፍሩ ቋጠሮ ረጥቦ ጠብቆ እጃቸውን ያዘባቸው። ዘመነ በጥርሱ ፈታላቸው። ካጠለቁለት በኋላ ግን ደስታው ወጥሮ ያዛቸው። ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ወረወሩ።

"ዘራፍ! የአምቢኮው! የታገኘ ልጅ! ለከርሞ አራት ምልልስ..."

"አባየ! በእግዜር! አንድ ይበሉ!" ብሎ ደርቤ አፋቸውን ሊይዝ ዘለለ። ዘመነ ስልኩን ሲያወጣ፣ ፍቅርአዲስ በእርጥብ ፎጣ ጠቀለለችበት።