እግር የሚያስር ፔዳል

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በአቃቂ በሰቃ ከእኔ በላይ ፔዳል የሚያውቅ አልነበረም፤ ሰው ከሩቅ ብስክሌት ሲነዳ አይቼ የፔዳሉን ዓይነት ይቅርና የጫማውን ቁጥር እናገር ነበር። በዚሁ እውቀቴ ነው ሰው ልገድል የነበረው።

ያኔ አሮጌው ባቡር ገና ይሠራ ነበር። ከሀዲዱ አጠገብ የብስክሌት መለዋወጫ ስሸጥ ጓደኛዬ ተስፋዬ መጣ። ከቃሊቲ እየነዳ ፋብሪካ ይገባል። ክረምት ሆኖ የጎማ ፔዳሉ እግሩን እያንሸራተተ አስቸግሮታል፤ ካረፈደ ደግሞ ፈረቃውን ለሌላ ይሰጡበታል። ለእሱ የሚሆነው ሰፊ፣ ዳር ዳሩ ጥርስ ያለው የብረት ፔዳል ነበር። አውቅ ነበር። እደግመዋለሁ፣ አውቅ ነበር። እኔ ግን የብስክሌት ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙበትን፣ እግርን በጠፍር የሚያስረውን ሸጥኩለት።

«ከእንግዲህ እግርህ ቢለምንህም አይወርድም» አልኩት።

ስቆ አመሰገነኝ። እኔን ያማረኝ ሕዝብ ፊት እንደ ጆንያ ሲዘረር ማየት ነበር።

አየሁ። በማግስቱ ጠዋት ሀዲዱን ሲሻገር እርጥቡ ብረት ጎማውን አንሸራተተውና ከነብስክሌቱ ወደቀ። ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ባቡሩ ጮኸ። ተስፋዬ እግሩን ይጎትታል፣ እኔን ያያል፣ እግሩን ይጎትታል። ከገጠር ወተት ይዘው የሚመጡት እማማ ጫልቱ ጀሪካናቸውን ጥለው ከነብስክሌቱ ጎትተው አወጡት። ባቡሩ ጀሪካኑን ጨፍልቆት አለፈ። እኔስ? ከሱቄ በር ንቅንቅ አላልኩም። አንድ እርምጃ እንኳ አልሄድኩም።

ከሰዓት ተስፋዬ እያነከሰ ሱቄ መጣ።

«ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ማሰሪያውን ማላላት ነበረብኝ» አለኝ።

«አዎ፣ ጥንቃቄ ይጎድልሃል» አልኩት።

ይህ አፍ ነው? ይህን አፍ ተሸክሜ እስከ ዛሬ እንጀራ እበላበታለሁ። እሱ ብስክሌቱን ሸጦ በእግሩ መመላለስ ጀመረ፤ በዚያ ጭቃ ሲያረፍድ ሲያረፍድ ፈረቃውን ተቀማ። አንድም ቀን እኔን አልጠረጠረኝም።

ቀልድ ነበር ልበል? ለሠፈሩ ሁሉ ቀልደኛ ነኝና ያምኑኛል። አንተ አንባቢዬ ግን አትመነኝ። በየማለዳው እያፏጨ በደጄ ሲነዳ በቅናት እቃጠል ነበር። ያን ሁሉ ፔዳል የሸጥኩት ሰውዬ ብስክሌት መንዳት አልችልም ነበር። ዛሬም አልችልም።